ጅራታም ኮከብ በወርቅ በር ሰማይ

ኅዳር 8
ኮፒ ቤት ዋልኩ። ሁለት መታወቂያ፣ አንድ የትምህርት ማስረጃ... ሌላ ሰው የለም። በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ለጨዋታችን የፈጠርኩትን ዓለም ካርታ ሳስተካክል ቆየሁ።

የትናንቱ ጨዋታ ግን ደበረኝ። እንደ ወትሮው እዚሁ ሱቅ ውስጥ ሦስታችን። እኔ እተርካለሁ፣ እነሱ ገጸ ባሕርያቸውን ሆነው ይወስናሉ፣ ዳይስ ይፈርዳል። ከማሉ ባጃጁን ደጅ ያቆምና የወርቅ በር ንጉሥ ይሆናል። ይዘምታል፣ ያሸንፋል። ደግሞ ይዘምታል፣ ደግሞ ያሸንፋል! ፈቲሀ፣ የመድኃኒት ቤቷ፣ የዳገት መንደር አሮጊት አለቃ ናት። ትናንት ዳይሱን እንደያዘች አዛጋች።

"ኢዮቤ፣ እንዲህ ከሆነ እሁዴን ልብስ ባጥብበት ይሻላል።"

ቀልዷን አይደለም። ሁለት ዓመት የገነባነው ዓለም በልብስ አጠባ ሊሸነፍ? ሞቼ እገኛለሁ!

ኅዳር 10
አገኘሁት!!! ጅራታም ኮከብ!

የተረቱን አይደለም፣ ንጉሥ ሊሞት ነው ብሎ ብቅ የሚለውን። እውነተኛውን። መሬት የሚመታውን። ስልኬ ላይ ሳነብ ደንበኛ መጥቶ "ወንድም፣ ኮፒ የለም?" እያለ ቆሟል ለካ፤ አልሰማሁትም። መጀመሪያ ብርሃን ነው። ቀጥሎ መሬት ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ግን... ሩቅ ከሆንክ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ነው የሚደርስህ! ሰው "ተመስገን፣ አለፈ" ብሎ ወደ ሥራው ሲመለስ... ወይ ጉድ!

ኅዳር 12
ለራሴ ቃል ገባሁ። አስማት አያድንም። የሚወድቅበትን ዳይስ ይምረጥ። ከዚያ አቧራው ፀሐይን ይጋርዳል፣ ሁለት ዓመት ስንዴ አያፈራም። ካላፈራ አያፈራም። ካጭበረበርኩ መልሰው ያዛጋሉ።

ከማሉ ግን... ይገድለኛል?

ኅዳር 14
ምን ዓይነት እሁድ ነው! ከየት ልጀምር...

ዳይሱ ከወርቅ በር ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ጣለው። "ሰማዩ ነጭ ሆነ" አልኳቸው። ትንሽ ቆይቼ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ነቀነቅሁት። ከዚያ ተቀመጥኩ።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አለ ከማሉ።

"ምንም። ቀጥሉ።"

ሳተኝ ብሎ ጨፈረ! ድግስ አዘዘ፣ ለወታደሮቹ ሹመት ሰጠ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ እውነተኛ ግማሽ ሰዓት፣ አስጠበቅኋቸው። ልክ ሲሞላ ተነሥቼ የሱቁን የላሜራ በር በሙሉ ኃይሌ ወርውሬ ዘጋሁት። ጓ!!! ፈቲሀ "ያ አላህ!" ብላ ከወንበሯ ዘለለች። ከማሉ ውኃው ተደፋበት። ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሶ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከስፌት ቤቱ ሮጦ መጣ።

"ምን ፈነዳ?!"

"ኮከብ ነው ጋሼ።"

"ጤና የላችሁም እናንተ!" ብሎ ሄደ። በሳቅ ሞትን። ጨዋታው ከተጀመረ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም!

መጨረሻው ግን አላማረም። ፀሐይ ጠፋች፣ ስንዴው አልበቀለም፣ የወርቅ በር ጎተራ ተሟጠጠ። ከማሉ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተነሣ።

"ሁለት ዓመት የገነባሁትን ከተማ በአቧራ ትገድለዋለህ? በጦር ቢሆን እሺ!"

ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ።

ኅዳር 16
ደወልኩለት። አያነሣም። ማታ መልእክት ላከ፦ "ንጉሡ ሞቷል በለው። እኔም ደክሞኛል።"

ያለ እሱ ጨዋታ የለም። ሁለት ሰው ምን ይጫወታል? አንድ ጠንቋይ ፀሐይዋን ይመልስ ይሆን? አንድ መስመር ናት እኮ... አይ። አይሆንም።

ኅዳር 21
ከማሉ አልመጣም። ፈቲሀ ብቻ። ስንዴ የለም፣ ሕዝብሽ ያልቃል ልላት አፌን ስከፍት፦

"የኔ ሕዝብ ስንዴ ይበላል ያለህ ማነው?"

"እና ምን ሊበላ?"

"አምና ንጉሡ ዳገት ሲያድር ምን አቀረብኩለት?"

ትዝ አለኝ! ቆጮ! ከማሉ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ "ንጉሥ ቆጮ አይበላም!" ብሎ ገፋው። ሕጋችን ደግሞ አንድ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተነገረ፣ አለ።

"ቆጮ ካለ እንሰት አለ" አለች ፈቲሀ። "እንሰት ካለ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ አለ።"

"ጉድጓድ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል?"

"ኮሌጅ ሳልገባ እናቴ የቀበረችውን ባለፈው አረፋ አውጥተን በላን። እንዴት እንደሚጥም!"

አፈርኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ዓለሜን በስንዴ፣ በግንብና በበረዶ ሞላሁት። በረዶ የት አየሁና! እንሰት ግን ከመስኮቴ ይታያል። ልጅ ሆኜ ሲፋቅ ልጠጋ ስል እናቴ "ሂድ፣ የወንድ ቦታ አይደለም" ትለኝ ነበር። ሄድኩ። በዚያው ሄድኩ።

ብርዱስ? ብዬ አጣራሁ። ቅጠሉን ቢያጠወልገው ሥሩ አፈር ውስጥ ነው። ዳገት ተረፈች! ያለ አስማት! ፈቲሀ ስትሄድ ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ጨፈርኩ።

ደውዬ "ከማሉን ልጥራው?" ስላት "እንዳታባብለው። ራሱ ይምጣ" አለች።

ኅዳር 24
ከማሉ በባጃጅ አለፈ። አላስቻለኝም።

"ዳገት ላይ ጭስ ይታያል!" ብዬ ጮህኩ።

ፍሬን ያዘ። "የምን ጭስ?"

"የሚበስል ነገር ያለበት ጭስ ነዋ!"

ነድቶ ሄደ። ማባበል ነው ይሄ? ወሬ ነው እንጂ...

ኅዳር 28
ሁለታችን ተቀመጥን። ነፋስ አቧራ ሲያስገባብን በሩን ዘጋሁት። ዳይሱን ማንም አልነካም። ፈቲሀ ስልኳን ታያለች። አለቀ፣ ልብስ አጠባ አሸነፈ እያልኩ ሳለ ላሜራው ተንኳኳ። ልከፍት ስነሣ ፈቲሀ እጄን ያዘችኝ።

"ማነው?" አለች፣ በአሮጊቷ ድምፅ።

"የወርቅ በር ንጉሥ።" ከማሉ!

"ንጉሥ እኔ ደጅ ምን ይሠራል?"



"ሰዎቼ ተርበዋል።"

"ያለኝ ቆጮ ነው።"

"...እንበላለን። እኔም።"

"ለሰዎችህ እሰጣለሁ። አንተ ግን እንሰት ትተክላለህ። በገዛ እጅህ።"

"በእጄ? ንጉሥ ነኝ እኮ!"

"እንግዲያው ደህና ዋል።"

"ቆይ! ቆይ... እሺ። እተክላለሁ።"

ከፈትኩለት። አቀፍኩት፣ ምን ላድርግ! ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና "ስንት ወር ነው የሚደርሰው?" አለ።

"ወር?" ፈቲሀ በሳቅ ፈረሰች። "አምስት ዓመት። ስድስትም ይሆናል።"

የመጀመሪያውን ችግኝ ሊተክል ዳይስ ጣለ። አንድ! ደረቀበት። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ከማሉ! አሁን ተነሥቶ ሊሄድ ነው ብዬ በሩን አየሁ።

ዳይሱን አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

"እሁድ ሌላ እተክላለሁ" አለ።