ከግዙፉ ኮከብ በፊት የነበሩ

ሰኞ

ሴቭ ሳላደርግ መብራት ጠፋ። ዓርብ የማስተርስ ዲፌንስ አለብኝ፣ እኔ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና እየጻፍኩ ነው። ከጀርባችን አዲስ የኮንዶሚኒየም ብሎክ የሚሠሩት ገመድ ነክተው ይሆናል። ሰፈራችን ቡልቡላ ውስጥ ለጠፋው ሁሉ እነሱን ነው የምረግመው።

ደግነቱ ምዕራፉን በቃሌ እወጣዋለሁ። ግዙፍ ኮከብ ጋዝ ደመና ውስጥ ይወለዳል። ጨረሩ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ ያግለዋል፣ የጋለው ጋዝ ይለጠጣል፣ ቀዝቃዛውን እየገፋ ዳር ላይ ይከምረዋል። መሐሉ ባዶ ይቀራል። ዳር የተከመረው በራሱ ክብደት ይሰበሰብና አዳዲስ ኮከቦች ይወልዳል። እኔ ያጠናሁት ደመና ዳሩን በትናንሽ ኮከቦች ተከቧል። ሁሉም የግዙፉ ልጆች ናቸው ብዬ ጽፌያለሁ። አማካሪዬ ዶክተር ሙሉጌታም ወደውታል።

ማክሰኞ

የውጭ ፈታኟ ጥያቄ ልከዋል፦ ኮከቦቹ ቀድሞውኑ እዚያ እንዳልነበሩ በምን አወቀች?

ዶክተር ሙሉጌታ "አይዞሽ፣ ትመልሺዋለሽ" አሉኝ። በምን እንደምመልሰው ግን አልነገሩኝም።

ስለካ በዕድሜ ከግዙፉ የሚበልጡ ኮከቦች ወጥተውልኝ ነበር። የልኬት ስህተት ነው ብዬ ከዝርዝሩ አወጣኋቸው። ስህተት ቢሆኑ ምናለ!

ረቡዕ

አባዬ ምሳ አልበላም። ጠዋት የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ቤታችን መጥቶ ነበር፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ለሰፈሩ ዕድር ልናቋቁም ነውና ይመዝገቡ አሉት። አባዬ የቡልቡላ ዕድር ዳኛ ነው። እማዬን የቀበራት ያ ዕድር ነው። የዕድሩ ድንኳን ጓሮ መጋዘናችን ውስጥ ነው ያለው።

ዕድርማ አለን ሲላቸው አንደኛው ሳቅ ብሎ "አባባ፣ እኛ ከመግባታችን በፊት እዚህ እኮ ሰፈር አልነበረም" አለው። ቅዳሜ መልስዎን እንሰማለን ብለው ሄዱ።

አባዬ "እዚህ ጤፍ ስንዘራ እነዚህ የት ነበሩ?" አለኝ። በሰውየው በገንኩ። ሕንፃውን ብቻ አይቶ፣ ዙሪያውን ያለን ሁላችንንም ከሕንፃው ጋር የመጣን አደረገን! ተከትዬው ወጥቼ ልነግረው በሩን ከፈትኩ። እዚያው ደርቄ ቀረሁ። እኔስ ምን አደረግሁ? የገበሬ ልጅ፣ ያውም የቡልቡላ፣ ግዙፉን ኮከብ አይቼ ሌላውን ሁሉ የእሱ አደረግሁት። የኮከቦቹን ዕድሜ እያየሁ።

አፈርኩ። በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ሐሙስ

መብራቱ ስላልመጣ ጄኔሬተር ፍለጋ ገርጂ፣ ጓደኛዬ ሰላም ቢሮ ዋልኩ። ያወጣኋቸውን ኮከቦች መልሼ አስገባሁ። ልኬቱን በሌላ መንገድ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ስህተት አይደሉም።

ወጣቶቹ ጋዙ በወፈረበት ቦታ ተጣበው ነው ያሉት፣ እነሱን ግዙፉ አምጥቷቸው ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ግን እዚህም እዚያም ተበትነዋል። የተገፋው ጋዝ መጣባቸው እንጂ አልወለዳቸውም። ዋናው መደምደሚያዬ ግማሹ ተናደ።

ለዶክተር ሙሉጌታ ደውዬ ምዕራፉን ልቀይረው ነው አልኳቸው። "ለነገ?" አሉ። ከዚያ "ብትወድቂ ላድንሽ አልችልም። ላኪልኝ" አሉ። ላክሁ።

ዓርብ

ፈታኟ ጥያቄያቸውን ደገሙት። አዲሱን ምስል አሳየኋቸው። "መጀመሪያ ለምን ጣልሻቸው?" አሉኝ። ትልቁን ሳይ ሌላው ሁሉ ከሱ የመጣ መሰለኝ አልኩ። ማንም አልሳቀም። ውጪና ጠብቂ አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጥፍሬን በላሁ።

አለፍኩ! ማስተካከያ አለበት፣ ግን አለፍኩ። ዶክተር ሙሉጌታ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ቤት ስደርስ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። በደንብ አዳመጠኝና "ቀድመው የነበሩትስ? ምን ሆኑ?" አለ።

ልዋሸው አልፈለግሁም። ዙሪያቸው የነበረው ጋዝ ይገፈፋል፣ ከዚያ ወዲያ አያድጉም አልኩት።

"ይጠፋሉ?"

አይጠፉም። ቶሎ የሚያልቀው ግዙፉ ነው፣ ትናንሾቹ ከሱ በኋላ ብዙ ይኖራሉ አልኩት።

ለኮሚቴው ምን እንደሚመልስ አልነገረኝም፣ የወሰነም አይመስለኝም። ብቻ ሊተኛ ሲል "ነገ ሰዎቹ ሳይመጡ የዕድሩን ድንኳን አውጥተን እናስጣው፣ ታግዢኛለሽ" አለኝ።