ክብሪት ቀፎ የገባው ሲም

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ጧት 3 ሰዓት።

ሦስት ቀርከሃ ሰነጠቅሁ። አራተኛው ጠማማ ወጣ፤ ጣልሁት። የባሕር ዳሩ ደንበኛ ደወለ። ስድስት ወንበር ይፈልጋል። ቁመቱን ሊነግረኝ ሲል ተቋረጠ። ደወለ፤ ተቋረጠ። ደወልሁ፤ ተቋረጠ። ስልኩን ከግድግዳው ጋር አላተምሁት። ግድግዳው ደኅና ነው። የስልኩ ባትሪ ኮላው ቆርቆሮ ውስጥ ገባ፣ መስተዋቱ ደጅ ወጣ፣ የቀረው እግሬ ሥር ነው።

አንተ ደብተር፣ አትፍረድብኝ። የወንበር ልክ ልጽፍብህ ነበር የገዛሁህ፤ ይኸው ንዴቴን ትሸከማለህ።

ስመኝ ትዝ ያለችኝ ስልኩን ጠርጌ ከጣልሁ በኋላ ነው። ደነገጥሁ።

ማታ 1 ሰዓት።

ስመኝ ታናሽ እህቴ ናት። ከአዘና ወዲያ በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነው ያገባችው። ባሏ ይሁኔ ለፋሲካ በበርጩማ መትቶ ጥርሷን አወለቀ። ሽማግሌ ገባ፣ በግ ታረደ፣ ተመለሰች። ከበጉ እኔም በልቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ ገዝቼ ሰጠኋት። ይሁኔ አያውቅም። ባቄላ ጆንያ ውስጥ ትደብቀዋለች። ፊደል ስላልቆጠረች፣ ሁለት ቁጥርን ረዘም አድርጋ ስትጫን ወደ እኔ እንዲደውል አደረግሁላት። ማታ ከብት ስታስገባ ታበራዋለች፣ አንዴ ሚስኮል ታደርጋለች፣ ታጠፋዋለች። አንድ ማለት ደኅና ነኝ። አከታትላ ከደወለች ና ድረስ ማለት ነው። እኔ አልደውልላትም፤ እሱ ፊት ከጠራ ጉድ ይፈላል።

ዛሬ ሲሜን ከጥራጊው ለቅሜ ጎረቤቴ አናጺው ሞገስ ስልክ ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁ። አንዴ ጠራ። ተመስገን።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ።

ሥራ የለም። ስልክ መረጣ።

ሁለቱ ኩባንያዎች አስፋልቱን መሐል አድርገው ተፋጠዋል። መጀመሪያ ነባሩ ዘንድ። ወረፋ። አንዱ ከፊቴ ሊገባ ሲል በክርኔ ጎኑን አልሁት፤ ዞሮ አየኝ፣ አየሁት፣ ተወው። ባለቁልፍ አላቸው፤ ባትሪው ሳምንት ይቆያል። ኔትወርኩ እነ ስመኝ ኮረብታ ላይ ይደርሳል። መልኩ ግን የልብስ ሳሙና። ካሜራ የለውም።

ከዚያ አዲሱ ዘንድ። ዘፈን፣ ፊኛ፣ አንቱ የምትል ልጅ። ስማርት ስልክ፣ ካሜራው ሦስት ዓይን። በየወሩ እየከፈሉ መውሰድ ይቻላል። ከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ግን የእነሱን ሲም እንጂ የሌላ አይቀበልም። ኔትወርካችሁ ከአዘና ወዲያ ይደርሳል ወይ አልኋት። ካርታ አሳየችኝ። የስመኝ መንደር ነጭ ነው። በቅርቡ አለች።

አሰብሁ። ስመኝ ስልኳ የነባሩ ነው፤ እሷ ዘንድ አዲሱ ባይደርስ ምን ቸገረኝ? ካለችበት ሆና እኔ ጋ መደወል ትችላለች። የሚለወጠው የእኔ ቁጥር ብቻ ነው። የቀርከሃ ወንበር ደግሞ ፎቶ ይፈልጋል፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያለ ሰው እንጅባራ መጥቶ አይቀመጥበትም።

እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እውነቱን ግን ለአንተ ልንገርህ፣ ካሜራው አማረኝ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ።

ወሰድሁት። አዲሱን። የድሮውን ሲም ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትሁት። አሥራ አራት ፎቶ አነሣሁ። መደርደሪያው በፎቶ ከእውነቱ ይበልጣል።

ማታ ክብሪት ቀፎዬን ይዤ ሞገስ ዘንድ ሄድሁ። በየማታው ስልኬን ልታስፈታኝ ነው ወይ ብሎ አጉረመረመ። ስድብ ተናገርሁት፤ እናታችን ስትቆጣ በአገውኛ የምትናገረውን፣ እዚህ የማይጻፈውን። በሩን ዘጋብኝ። በሩን በእግሬ መታሁት። የስመኝን ሚስኮል ሳልሰማ አደርሁ። ነገ አንድ መላ አገኛለሁ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ።

መላ የለም። የአዘና መንገድ ከሐሙስ ጀምሮ ዝግ ነው። ሄጄ ስልኳን በእጄ ማስተካከል አለብኝ፤ ሁለት ቁጥር ላይ አዲሱን ማስገባት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሞገስን ይቅርታ ልበለው? አልልም።

አራት ሰው ስለ ወንበር ደወለ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው።

ኅዳር 10፣ ሰኞ። ከሰዓት።

መንገድ ተከፈተ። አያ ፈንቴ መጡ። የስመኝ አገር ሰው ናቸው፣ ቀርከሃ የሚያመጡልኝ፣ ሸምገል ያሉ። ለሚካኤል ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። እኔ ሦስት ትእዛዝ ተደራርቦብኝ መሄድ አልቻልሁም። አልፈለግሁም በልልኝ፤ ደብተር ነህ አትዋሽ።

አዲሱን ቁጥር በወረቀት ጻፍሁ። የእሳቸው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ስልኩ ላይ ታስገባላታለች። ለስመኝ ይስጡልኝ አልኋቸው። በድብቅ ብዬ ልጨምር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እህቴ ከባሏ ደብቃ ስልክ ይዛለች ብሎ ለሽማግሌ መናገር ነውር ሆነብኝ። ዋጥ አደረግሁት። ሽማግሌ ናቸው፣ ይገባቸዋል።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ። ሚካኤል።

የሠፈሩ ቆሻሻ ሁሉ ሲቃጠል ዋለ። የቀርከሃ ፍቅፋቂዬን አወጣሁና አነደድሁት። ጢሱ መሐል አዲሱን ሶፋ አስቀምጬ ፎቶ አነሣሁ፤ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ለጠፍሁት፤ ስድሳ ሰው ወደደው። ደስ ብሎኛል። ወረቀቱም ደርሷታል፤ ዛሬ ማታ በአዲሱ ቁጥር ትደውላለች።

አልደወለችም። በዓል ነው፣ እንግዳ ይዟት ይሆናል።

ኅዳር 14፣ ዓርብ። 2 ሰዓት ተኩል።

በሁለት ኩባንያ መካከል ሳማርጥ ከርሜ ወሬው የመጣልኝ በሚኒባስ ረዳት አፍ ነው። እህትህ አዘና ጤ/ጣ ተኝታለች አለኝ። ደኅና ናት ወይ ስለው ጫማውን አየ።

ቀርከሃ የምሰነጥቅበትን ገጀራ በጆንያ ጠቀለልሁ። ክብሪት ቀፎዋን ኪሴ ከተትሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሄዳለሁ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ። አዘና።

የምችለውን ልጻፍ።

አያ ፈንቴ ወረቀቱን ለስመኝ አልሰጡም። የሰው ሚስት ናት፤ ለሰው ሚስት የሚላክ መልእክት መጀመሪያ ለአባወራው ይነገራል። እንደ ወጉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሁኔን ደጁ ላይ አገኙት፣ ተሳሳሙ፣ አማችህ ስልክ ቀይሯል፣ ይኸ አዲሱ ቁጥሩ ነው፣ ለስመኝ ስልክ ላይ አስገባላት አሉት። መርቀውት ሄዱ።

የምን ስልክ? አለ ይሁኔ። ከዛሬ ጀምሮ ስሙን ሙሉ አልጽፍልህም። ይ. ይበቃዋል።

በሩን ከውስጥ ቀረቀረችበት። ጆንያውን ዘርግፋ ስልኩን አወጣች። እሱ በሩን እስኪገነጥል እሷ ሁለትን ትጫናለች። ገነጠለው። ወረቀቱን አኝካ እንድትውጥ አደረጋት። ከዚያ በየትኛው ጣት ነው የምትጫኚው ብሎ ጠየቃት። አልነገረችውም። በመጥረቢያ ዛቢያ ቀኝ እጇን እስከ አንጓው ቀጠቀጠው፤ አውራ ጣቷን ለብቻው። ነርሷ ይህን ስትነግረኝ ስመኝ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። አንድ ዓይኗ አይገለጥም።

ወጣሁ። አያ ፈንቴ በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከረቡዕ ጀምሮ ከዚያ አልተነሡም። ጋቢያቸውን አንገታቸው ላይ አጠምጥሜ ከግድግዳው አጣበቅኋቸው። የአባቴን እኩያ። አልታገሉኝም። «ልጄ፣ አልነገርኸኝም እኮ» አሉ። ለቀቅኋቸው።

ወደ መንደሩ በሩጫ። ይ. የለም፤ ሸሽቷል። የተገነጠለውን በር እንደገና ፈለጥሁት። ሞፈሩን ለሁለት ከፈልሁት። ቀንበሩን ከተከትሁት። የገበሬ ሞፈር መስበር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አወቅሁና ሰበርሁ። ጎረቤት አራት ሆኖ ያዘኝ። መሬቱ ላይ ባቄላ ተበትኗል። ባቄላው ላይ ደም አለ።

ኅዳር 16፣ እሁድ። ጧት።

ነርሷን ስልክ አስፈትቼ የድሮውን ሲም አስገባሁ። ማየት ነበረብኝ። መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። በዚህ ቁጥር ተደውሎልዎታል። በዚህ ቁጥር ተደውሎልዎታል። የየማታው አንዳንድ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሰባት ግን የተከታተሉ። ሰባቱም ረቡዕ፣ ሰባቱም ከሰዓት ዘጠኝ ላይ።

ዘጠኝ ሰዓት ብርሃኑ ጥሩ ነበር ብዬ ጽፌልሃለሁ። ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። የአህያ ወንድም ሲሆንስ ምን ይባላል?

እገድለዋለሁ። ጻፍሁት እንግዲህ።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ። እንጅባራ። ማታ።

ስመኝ እኔ ዘንድ ናት። እጇ ጀሶ ውስጥ ነው። እየጻፍሁ ያለሁት እሷ ተኝታ ነው።

ዛሬ አምስት ሽማግሌ መጣ። አያ ፈንቴ አብረው አሉ፣ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል አሉ። ገመና አታውጡ አሉ። በግ፣ መሐላ፣ ዋስ። የሞፈሩንም ነገር ይቅር ብለንሃል አሉኝ። ይ. ደጅ ቆሟል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ነጠላ አጣፍቶ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁርጥራጭ ነው። ገጀራው እጄ ላይ። አንዱ ሽማግሌ ወገቤን ሲይዘኝ ገፍትሬ ጣልሁት። ይ. ወደ ቀርከሃው ክምር ሸሸ፣ ክምሩ ተናደበት፣ ወደቀ። ደረቱ ላይ ወጣሁ። በግራ እጄ ፀጉሩን ያዝሁ። አንገቱ ላይ ስለቱ ሲነካው ሸና። ሸተተኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ስመኝ መጣች። አልጮኸችም። አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አያ ልየው፣ ገድለኸው ወህኒ ትወርዳለህ። ከዚያ እኔ ስደውል ማን ሊያነሣ ነው?»

ስለቱን አላነሣሁም።

«አንተ ተናደህ ስልክህን ከግድግዳ አላተምህ። እሱ ተናዶ እኔን አላተመ። እኔ በሁለታችሁ ንዴት መሐል ነው የምኖረው?»

ስልኩን እንደሰበርሁ የነገርኋት እኔው ነኝ፣ ለምን አልመለስህልኝም ስትለኝ። ስለቱን አነሣሁ። ገጀራውን በደኅናው እጇ ወሰደችው። ይ. እየዳኸ ወጣ። ለሽማግሌዎቹም ነገረቻቸው፤ አልመለስም፣ በጉን ለራሳችሁ እረዱት። መጀመሪያ የተነሡት አያ ፈንቴ ናቸው። «ልክ ነሽ» ብለዋት ወጡ።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ።

ገጀራው የለም። ደብቃዋለች። የት ስላት ባቄላ ጆንያ ውስጥ አለችኝ። እኔ ቤት ባቄላ የለም። በትንሿ ቢላ እሠራለሁ።

ስልክ ልትገዛ አብረን ወጣን። ሁለቱንም ሱቅ ገባች። ሁለቱም ቦታ አንድ ጥያቄ፦ በማን ስም ነው የሚሆነው? የድሮው የእሷ ሲም በእኔ ስም ነበር፤ አስቤበትም አላውቅ። የአዲሱ ልጅ ካሜራ አሳየቻት፤ ፊቷን በስልኩ ውስጥ አይታ መለሰችላት፣ ይኸ ፊት እስኪድን አያስፈልገኝም አለች። የነባሩን ባለቁልፍ ወሰደች። ለምን ስላት ፍ/ቤቱም ምስክሮቹም አዘና ናቸው፣ እዚያ የሚደርሰው ይኸኛው ነው አለች። እኔ ስመርጥ ጠይቄ ችላ ያልሁትን ነው እሷ የያዘችው። መታወቂያዋን ሰጠች፣ በግራ አውራ ጣቷ አሻራ አደረገች።

ሁለት ቁጥር ላይ ላስገባልሽ ስላት አይሆንም አለች። ቁጥሮቹን አስተምረኝ። ዜሮን ቁራጭ እንጨት ላይ ስዬ ጀመርን። እስከ ማታ አምስት ደረሰች።

እኔ ሞገስ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። በሩ ላይ የጫማዬ ምልክት አሁንም አለ።

ኅዳር 24፣ ሰኞ። 11 ሰዓት።

ፖ/ጣ ዋልን። ሴቶችና ሕፃናት ክፍል ቃሏን ሰጠች፤ የነርሷም ወረቀት ተያያዘ። በሩንና ሞፈሩን የሰበረው ማን ነው ሲባል እኔ አልሁ። የይ.ን አንገት በስለት የያዝሁም እኔ አልሁ። ፖሊሱ ብዕሩን አቁሞ አየኝና ጻፈ። የሚመጣብኝ ይምጣ። ሐሙስ አዘና ፍ/ቤት እንቀርባለን፣ እሷ እንደ ከሳሽ፣ እኔ እንደ ምስክርም እንደ ተከሳሽም።

አሁን ስልኳ ጠራ። ወንበሩ ላይ ነው ያለው፣ እኔ አጠገብ። ቁጥሩን አወቅሁት፤ የይ. ወንድም ነው፤ አዲሱን ቁጥሯን ከየት እንዳገኘ እንጃ። ደሜ ፈላ። እጄ ሄደ፣ መንገድ ላይ ያዝሁት።

ስመኝ ከጓዳ መጣች። ቁጥሩን አንድ በአንድ በከንፈሯ አነበበች፤ ሰባት ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ በግራ አውራ ጣቷ አረንጓዴውን ተጫነች። እኔ ብዕሬን ይዤ፣ የምትለውን ልጽፍ አጠገቧ ተቀመጥሁ።