አቦይ ኪሮስ የተጫኑት ቁልፍ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ምሳ ሰዓት

ዛሬም ዘንባባ። የሰርግ ድረ ገጽ ሥራልኝ ነው ያልኩት። ኤአዩ (ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ) ያመጣልኝ የባሕር ዳርቻ፣ ነጭ አሸዋና በባዶ እግራቸው የሚሯሯጡ ሁለት ፈረንጆች ነው። ለሃፍቶም ላክሁለት። እዚህ ዓይናለም ሰፈር የውሃ ጉድጓድ እንጂ ባሕር መቼ ወጣ ብሎ መለሰልኝ። እጮኛዬ ቀልድ ካገኘ አያሳልፍም።

ደብተርዬ፣ ላንቺ አልደብቅም። ኮድ የሚባል አላውቅም። የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ግን ጥር ላይ ሰርጌ ነው። ዘመዶቼ ወልዲያ፣ ደሴ፣ አ/አ ተበትነዋል፤ የጥሪ ካርድ ይዤ በየቤቱ መዞር አልችልም። ስለዚህ ኤአዩን በአማርኛ አዘዋለሁ፣ እሱ ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ ኮፒ ፔስት። ገጹ ይከፈታል። መጀመሪያ የተከፈተልኝ ቀን ጮኼ ተራ የሚጠብቁ ታካሚዎችን አስደነገጥኩ።

እንደገና ሞከርኩ። ዘንባባው ወጣ። በምትኩ "የኮክቴል ሰዓት" የሚል ገባ። አጥፋ አልኩት፣ አጠፋ። ሳይነጫነጭ።

ታካሚ መጣ። በኋላ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከሰዓት

መብራት የለም። ታካሚም የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ነው፣ ስልኬ ዳታ አለው። ጥሩ ቀን።

ቀለሙን ስንቴ እንዳስቀየርኩት አልነግርሽም። ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወርቃማ፣ ከዚያ ተመልሶ ወይን ጠጅ። ሰው ቢሆን ጥሎኝ ይሄድ ነበር። እሱ ሁሌ "ግሩም ምርጫ ነው" ይለኛል። ሃፍቶምን የመጋረጃ ቀለም አንዴ ብጠይቀው ቀኑን ሙሉ አኮረፈ።

ደግሞ ለእንግዶች ጥያቄ ጨምሯል፦ ቬጂቴሪያን ነዎት? ሥጋ አይበሉም ወይ ማለቱ ነው። ለራሕማ አሳየኋት። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ጨርቅ ትሸጣለች፣ ምሳ የምንበላው አብረን ነው። ጾመ ነቢያት ይግባ እንጂ ክርስቲያኑ በሙሉ ቬጂቴሪያን ነው በይው አለችኝ። ሳቅን። ጥያቄው ወጣ።

አሁን የቀረው፦ ከላይ የኔና የሃፍቶም ትልቅ ፎቶ። "ልንጋባ ነው፣ ደስታችንን ተካፈሉ።" ከታች ካርታ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቁልፍ፦ "እመጣለሁ" እና "አልመጣም"። አምሮበታል። ኮርቻለሁ፣ ምን ይደረግ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ረፋድ

ላክሁት። ለወልዲያዎች፣ ለመ/ቤት ሰዎች፣ ለሃፍቶም ቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ።

ሃፍቶም እስከ ነገ ጠብቂ ብሎኝ ነበር። ነገ ቁሓ ቤታቸው ሄደን መጀመሪያ ለአቦይ ኪሮስ በአካል ልንነግራቸው ነው። የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው፣ ሽማግሌ ሆነው ወልዲያ ድረስ ሄደው እኔን የጠየቁለትም እሳቸው። ግን ገጹ አልቋል፣ እጄ በላኝ። አንድ ቀን ቢቀድም ምን ይላል ብዬ።

"እመጣለሁ" የተጫነ ሰው ስሙ ከሥሩ ይወጣል፣ ከትንሽ ልብ ጋር፣ ሁሉም ያየዋል። ይህን እኔ አላዘዝኩም፤ ኤአዩ ከራሱ ጨምሮት ነው። ወደድኩት። የወልዲያዋ አክስቴ ሁለቴ ተጭና ሁለቴ ወጣች። ብዙም አልተሳሳተች፣ የሁለት ሰው ወንበር ነው የሚይዛት።

ስሞች እየጨመሩ ነው። ሥራ አልሠራሁም።

ያው ቅዳሜ። 10 ሰዓት

ደብተርዬ፣ ጉድ ሆንኩ።

"አልመጣም" ከሚለው ሥር አንድ ስም ወጥቷል። አቦይ ኪሮስ። ስማቸውን ከነአባት ከነአያታቸው አሟልተው ጽፈውታል። ከጎኑ ደግሞ ለሁለት የተሰበረ ልብ ሥዕል አለ።

ግሩፑ ውስጥ ሁሉም አይቷል። ላጥፋው? ባጠፋው ማጥፋቴን ያያሉ። ሃፍቶም ደወለ። አልተቆጣኝም፣ ያ ነው የባሰው። ነገ አንሄድም፣ ትንሽ ይብረድላቸው አለኝ።

ለማንም ያልተናገርኩትን ላንቺ ልናገር። ትግርኛዬ ይሰናከላል። አገሬ ወልዲያ ነው። በነዚህ ዓመታት በሁለታችን አገር መሃል ብዙ አልፏል፣ ማንም አያነሳውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ወልዲያ ድረስ የሄዱት ለሃፍቶም ብለው ይሆናል። እኔን በልባቸው አልፈለጉኝ ይሆናል። እሳቸው የሌሉበት ሰርግ ደግሞ ለሃፍቶም ሰርግ አይደለም። ፈርቻለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ሥራ ቦታ

ባሰ። "አልመጣም" የሚለውን ቁልፍ ራሴ ሞከርኩት። መጀመሪያ መሞከር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ስትጫኚው ምን ይላል መሰለሽ? የሚያለቅስ ፊት ብቅ ይልና "ምንም አይደለም፣ ፎቶ እንልክልዎታለን" ይላል።

አቦይ ኪሮስን። ፎቶ እንልክልዎታለን።

ካርድ መደርደሪያው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። መሃል ላይ ሳቅ መጣብኝ። ሁለቱ ተደበላልቀው ነርሷ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ጉንፋን አልኳት።

ኤአዩን አማከርኩት። አንድ ትልቅ ሰው ተቀይመውኛል፣ ምን ላድርግ? የእንግዳን ውሳኔ ማክበር መልካም ነው አለኝ፤ ሞቅ ያለ የምስጋና መልእክት ላዘጋጅልሽ ወይ? ተወኝ አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ተቆጥቼውም ይቅርታ ነው የሚጠይቀው፣ ከሱ ጋር መጣላት አይቻልም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሃፍቶም ሁለት ቀን ደወለላቸው። ያነሳሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ ያወራሉ። ስለ ሰርጉ ሲጀምር ሰው መጣ ብለው ይዘጋሉ።

ራሕማ ምሳዋን ትታ ተቆጣችኝ። ስልክ ምን ያደርጋል፣ ተነሥተሽ በእግርሽ ሂጂ። አልፈለጉኝም ካልሽም ከአፋቸው ስሚው፣ ከቁልፍ አትስሚ። ባዶ እጅሽን ደግሞ እንዳትሄጂ። ከመደርደሪያዋ ጥሩ ጋቢ አወረደችልኝ። ሒሳብ ስላት ሰርግሽ ላይ ብዙ እበላለሁ አለች።

ቅዳሜ እንሄዳለን። 

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከቁሓ መልስ

በዝርዝር ልጻፈው፣ እንዳልረሳው።

ደረስን። ምሳ ቀረበ። ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ዶሮ። ባለቤታቸው አደይ ለተ በላይ በላዩ ያጎርሱኛል። አቦይ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ታክሲው መንገድ። ስለ ዋናው ነገር ምንም።  ጋቢውን ሰጠኋቸው፣ መረቁኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡት። አልለበሱትም።

በመጨረሻ እኔው ጀመርኩ። በትግርኛ። "ይቕረታ ግበሩለይ አቦይ"፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እስከሚለው ጥሩ ሄድኩ፣ ከዚያ ቃል ጠፋኝ። በአማርኛ ተቀበሉኝ። አማርኛቸው ከኔ ትግርኛ በብዙ ይሻላል።

ነገሩ ይሄ ነው አሉ። ለገዛ ልጄ ሰርግ ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ ተብዬ ተጠየቅሁ። የሚመጣም የሚቀርም እንግዳ ነው። እኔ ጠሪ ነኝ እንጂ ተጠሪ ነኝ እንዴ? እንደ እንግዳ ጠየቃችሁኝ፣ እንደ እንግዳ መለስኩ። ጭራሽ ፎቶ እንልካለን አላችሁኝ። እዚህ ላይ አደይ ለተ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። አቦይም ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ስለ ወልዲያ አንድም ቃል የለም። ስለ ትግርኛዬም የለም። ሳምንቱን ሙሉ የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ዶሮውን እንደ አዲስ መብላት ጀመርኩ።

ላፕቶፑን አወጣሁ። አቦይ መነጽራቸውን አደረጉ። ያነበቡት የመጀመሪያ መስመር፦ ልንጋባ ነው፣ ደስታችንን ተካፈሉ። ራሳችሁን በራሳችሁ ትድራላችሁ ማለት ነው አሉ። ሃፍቶም ወለሉን አየ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ለኤአዩ እጽፋለሁ። ጥሪው ከወላጆች ይሁን፣ "ልጆቻችንን ልንድር ነውና"። የታላላቆች ስም ይቅደም። ፎቶው ይነስ፣ ፊታችሁን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚያለቅሰው ፊት ይውጣ። ቁልፎቹ ሁለቱም ይውጡ።

የሰው ቁጥር በምን እንያዝ አለ ሃፍቶም። ድንኳኑን ሰፋ አድርጉት አሉት።

እያንዳንዷ ትእዛዝ ገጹን ዓይናቸው እያየ ቀየረችው። ኤአዩ "ግሩም ሐሳብ ነው" ብሎ ሲመልስ አነበብኩላቸው። ይሄ ሥርዓት ያውቃል አሉ፣ የቸኮላችሁት እናንተ ናችሁ። ጋቢውን ሲለብሱ አየኋቸው፣ ያን ጊዜ።

ከዚያ ኤአዩ ስሞቹን ግራና ቀኝ አሰለፈ። በግራ የሙሽራው ወገን፦ እናቱና አቦይ ኪሮስ። በቀኝ የሙሽሪት ወገን፦ እማዬ፣ ከጎኗ ፊት የሌለው ግራጫ ሰው፣ ከሥሩ "ስም ያስገቡ" የሚል። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ብሎ ነው። አቦይ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ይሄ ማነው አሉ። የአባቴ ቦታ ነው አልኩ፣ በሕይወት የለም፣ አሁን አጠፋዋለሁ። ድምፄ እንዳሰብኩት አልወጣም።

ሙሽራ ሆነሽ የምትወጪው ከየት ነው አሉኝ። ቃላሚኖ ከተከራየሁት ቤት አልኩ። እማዬ ትመጣለች፣ አክስቴም። ወንድስ ማን ይቆምልሻል? ራሕማ አለች አልኩ። ይሄኔ ማንም አልሳቀም። አታጥፊው፣ ይቆይ አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። 3 ሰዓት

ከቅዳሴ እንደወጡ ደወሉ። ለሃፍቶም አይደለም፣ ለኔ። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱኝም። ያን ዕቃሽን ክፈቺው አሉ። ከፈትኩ። ስሜን ከግራ አንሥተሽ በቀኝ አድርጊው፣ ፊት የሌለው ሰውዬ ያለበት ቦታ ላይ።

አልገባኝም አልኳቸው። አስረዱኝ። ሃፍቶም እናቱ አለችው፣ አጎቶቹ አሉት፣ ሚዜዎቹ አሉት። ወንድ ሞልቶለታል። የሰርጉ ዕለት ጠዋት እኔ ቃላሚኖ ነኝ፣ ካንቺ ጋር። ሙሽራው ከነሰርገኛው ሲመጣ በር ላይ የሚያገኘው እኔን ነው። ዝም ብሎ የሚገባ እንዳይመስለው፣ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ከዚያ "ጓለይ" አሉኝ። ልጄ። እስከ ዛሬ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ። ስልኩን ዘጉት።

እንባዬ ቁልፎቹ ላይ ሲንጠባጠብ ለኤአዩ ጻፍኩለት። ይህን ስም ከሙሽራው ወገን ወደ ሙሽሪት ወገን አዛውር። ግሩም አለ። አዛወረ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ግሩም ነው አልኩት።

ግራጫው ሰውዬ ከኔ በኩል ጠፋ። በሃፍቶም በኩል ብቅ አለ። ለማመጣጠን። አስወጣሁት፤ ሚዛኑ ቢዛባም ይዛባ። ገጹ እንዳለ ዛሬ ይላካል፣ ወስኛለሁ። መጀመሪያ ለአቦይ፣ እሺ ሲሉኝ ለሌላው።

ሃፍቶም ስክሪንሾቱን አይቶ አሁን ደወለ። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ የእውነት ቅሬታ። አጎቱን ወስጄበታለሁ። በሩ ላይ ምን ሊያደርጉት እንደሆነ ይጠይቀኛል፣ ደግሞስ አሁን እንዴት ተደርጎ ነው የሚገባው።

እኔ ምን አገባኝ፣ አባቴን አነጋግር አልኩት።