ድንቡሼ የሚለውን ስም ከስልክህ አጥፋው

ይድረስ ለምወድህ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? መሰላል ላይ መውጣቱን ቀነስክ ወይስ ዛሬም ጠዋት ማታ ከመብራት ገመድ ጋር ትታገላለህ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልህ ግን መዋሸት ይሆንብኛል።

ስልኬ በመዘጋቱ ስትጨነቅ እንደሰነበትክ አውቃለሁ። እማዬም ድምፄን ካልሰማች እህል እንደማይወርድላት አውቃለሁ። የዘጋሁት ተቀይሜህ አይደለም። እርግጥ ለጥቂት ቀናት ተቀይሜህ ነበር፤ እንዲያውም ረግሜሃለሁ። ምክንያቱን ልንገርህ።

ያ ባሌ የነበረው ሰውዬ አገኘኝ።

የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። እኔ ስፌት ቤቱ በር አጠገብ ባለው መኪና ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብቶ፣ ለሁሉም ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከላስቲክ ውስጥ ሱሪ አወጣና እንዲያጥርለት ጠየቀ። ድምፁን ስሰማ እግሬ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። የሱቁ ባለቤት ምን ታውቃለች፣ ለክተሽ ተቀበዪው አለችኝ። ሜትሩን ይዤ ተጠጋሁ። መለካት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ስንት ዓመት ሱሪውን ያሳጠርኩለት እኔ ነኝ። ያኔ ጎንበስ ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ድንቡሼ ይላል፤ ከሥሩ ቁጥሬ አለ። ወንድምሽን አመስግኚልኝ አለኝና ሳቀ። ሱሪውን በሳምንቱ መጥቼ እወስዳለሁ ብሎ ወጣ።

ወንድምዓለም፣ ያን ቁጥር የሰጠሁት ላንተ ብቻ ነው። አልቅሶብህ ይሆናል፣ ተለውጫለሁ ብሎ አታሎህ ይሆናል እያልኩ ረገምኩህ።

ነገሩን የፈታችልኝ ከጎናችን ስልክ የምትጠግን ልጅ ናት። ወንድምሽ የሚደውልለትን ሰው ስም የሚያወጣ አፕ ስልኩ ላይ ጭኗል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ሥራ የሚሰጡህን ከሚያደርቁህ ለመለየት ብለህ የጫንክ ዕለት እንደ ልጅ ደስ ብሎህ ነግረኸኛል። ለካ ያ ነገር የሌላውን ስም ላንተ የሚነግርህ፣ ያንተን የስልክ ማውጫ ሙልጭ አድርጎ ወስዶ ለሌላው እየነገረ ነው። አንተም ሳታነብ እሺ የሚለውን ተጭነሃል። ስም የጻፈበት ሁሉ ቁጥር ያገኛል። ከቁጥሬ ደግሞ መልእክት የምላላክበት ገጽ ላይ የለጠፍኩት ፎቶዬ ወጣ፤ ያ አምሮብሻል ያልከኝ፣ ሱቁ በር ላይ የተነሳሁት፣ ከጀርባዬ ታፔላው የሚታየው። የሱቁን ስም ካርታ ላይ ሲጽፍ፣ ደጃፋችን ድረስ መንገድ እየመራ አመጣው።

አንተማ ልትሸሽገኝ ነበር። እውነተኛ ስሜን ከጻፍክ ያገኘኛል ብለህ፣ ከቤታችን ሰው በቀር ማንም በማያውቀው የልጅነት ስሜ መዘገብከኝ። እሱም አንድ ሰሞን የቤታችን ሰው እንደነበረ ረሳኸው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው፤ ስለዚህ ራስህን አትብላ። አሁን እንኳ ድንቡሼ የሚያሰኝ ሥጋ የለኝም፤ ብታየኝ ትስቃለህ።

ከሱቁ ባለቤት ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ነበር። መታሽ ወይ አሉኝ። አልመታኝም፣ ሱሪ ነው ያመጣው አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሲነካሽ ነይ አሉኝ። ያኔ ባሌ ሳለ የሰበረው ክንዴ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመኛል፤ ዳግመኛ እስኪነካኝ አልጠብቅም።

ሱሪውን አሳጥሬ፣ ተኩሼ በሩ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ሊወስደው ሲመጣ እኔ የለሁም። የሱቁ ባለቤት አልቅሳ የራሷን መቀስ ሰጠችኝ። የት እንደምሄድ ለእሷም አልነገርኳትም።

እንግዲህ የምለምንህን ስማኝ። ያን አፕ አጥፋው፤ ለእኔ ረፍዷል፣ ስልክህ ላይ ላሉት ለሌሎቹ ብለህ ነው። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አንብብላት እንጂ ፎቶ አንስተህ ለማንም እንዳትልክ፤ አክስታችን እጅ ከገባ በማግስቱ አገር ያነበዋል። አዲስ ቁጥር አልሰጥህም። እማዬ በጣም ከከፋት፣ በፊት የላክሁልህ ድምፄ ስልክህ ላይ አለ፣ እሱን አሰማት። እሱ ደውሎ ቢጠይቅህ ያለችበትን አላውቅም በለው። ስትዋሽ ምላስህ እንደሚተሳሰር አውቃለሁ። አሁን አይተሳሰርም፤ እውነትህን ነው።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ለባለቤትህ ናፍቆቴን ንገራት፤ ወገቡን እሺልኝ ብላሻለች በላት። ትልቁ ልጅህ ትምህርቱን እንዲበረታ ንገረው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ድንቡሼ የሚለውን ስም ለእሷ ሰጥቻታለሁ። በአፋችሁ ጥሯት፣ ስልክ ላይ ግን አትጻፉት።

የምትወድህ እህትህ

ቦታው ይቅር
ነሐሴ ፲፬ ቀን