የሳጥኑን እስሮች ማንም እንዳይበትናቸው

ኧረ በጭራሽ! ያበጠው ትርፍ አንጀቴ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። አጎቴ «ልጅቷ በትኩሳት እየቀባጠረች ነው» ብሎሽ ከሆነ፣ አክስቴ፣ ነርሷ አሁን ለክታኛለች፤ ሠላሳ ስምንት። በሠላሳ ስምንት ማንም አይቃዥም። ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላኝና ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቴን የጣልኩ እኔ፣ በሴቶች ክፍል አራተኛ አልጋ ላይ ሆኜ፣ አእምሮዬ ሙሉ፣ ምላሴም እንደምታውቂው ሙሉ ሆኖ ይህን ተናዝዣለሁ። ነርሷ ትጽፋለች። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ኦፕሬሽን ያስገቡኛል። ሐኪሙ «ቀላል ነው፣ ነገ ሾርባ ትጠጫለሽ» ብሏል። ይሁንለት። ሾርባው ሳይደርሰኝ ብቀርስ?

አንደኛ፤ ሳጥኑ። የትልቁ ቤት፣ የወፍጮውና የፍራፍሬ እርሻው ወረቀት ሁሉ፣ ውሉም ደብዳቤውም አቤቱታውም ፎቶውም፣ የአያቴ እናት በክር አስራ ያስቀመጠችው አርባ አንድ እስር። አያቴ ከማረፉ በፊት ቁልፉን ያስጨበጠው እኔን ነው። አሁን ትራሴ ሥር አለ፤ ላንቺ አውርሼዋለሁ። ነገ ጠዋት ሳጥኑን ሊወስድ የቤተ መዛግብቱ መኪና ስለሚመጣ አጎቴ ዛሬ ማታ የሳጥኑን መቆለፊያ በመዶሻ ሰብሮ፣ ክሩን ሁሉ ፈትቶ፣ ወረቀቱን በዓመት በዓመቱ ሊደረድር ነው። «ዝብርቅርቅ አስረክቤ አላፍርም» አለ። ዝብርቅርቅስ እሱ!

ስሚኝ። ትምህርት ያቆምኩ ሰሞን «ሥራ ፈት» ስትሉኝ ተናድጄ ሳጥኑን በእጅ ጋሪ ጭኜ ወጣሁ። ለታሪክ ብዬ አይደለም፤ ከናንተ ለመራቅ ነው። ትልቁ በር ላይ የላይኛውን እስር ባየው የበረኛው ውል። ሁለተኛው፣ ከበሩ ቀጥሎ ያለው የድንጋይ አጥር። ሦስተኛው፣ አጥሩ የሚያልቅበት ወፍጮ ቤት። ጋሪውን እየገፋሁ ሄድኩ፤ ቀጥሎ የማነሳው እስር ሁሉ እግሬ የቆመበትን መሬት ያወራል! ወፍጮ ጠባቂው ስለ ውሃ ያቀረበው ክስና የአትክልተኛው መልስ አሥራ ስምንት ዓመት ይራራቃሉ፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ናቸው፣ ምክንያቱም ሰዎቹ ጎረቤት ናቸው። አርባ አንደኛው ላይ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ። አያቴ ወንበሩ ላይ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን የምትስቂው?»

«አባባ፣ እናትህ መሬቱን ሳጥን ውስጥ ከታዋለች!»

ሰው ሠራሽ ጥርሱ እስኪወልቅ ሳቀ። ሃያ ዓመት «ካርታው ጠፋ» እያላችሁ የተነታረካችሁበት ካርታ ይኸው የወረቀቶቹ ተራ ነው፤ ሌላ የለም። ተራውን እንጽፈዋለን ስንል እሱ አረፈ፣ እኔ አኮረፍኩ። ይሄ የኔ ጥፋት ነው። በቃሌም አልያዝኩትም።

ለአጎቴ ነግሬው ነበር። «አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰች ልጅ መዝገብ አያያዝ አታስተምረኝም!» አለ። ፔርሙሱን የወረወርኩት ያኔ ነው። ግድግዳውን ነው ያነጣጠርኩት፤ ይህም ይመዝገብልኝ።

አምስተኛ አልጋ ያሉት ልብስ ሰፊ ሰምተው፣ «የተቆረጠ ጨርቅ እኮ በተራው ነው የሚቀመጥ። እጅጌውን ሁሉ ከእጅጌ ጋር ከከመርሽው የማን ሸሚዝ እንደሆነ ማን ያውቃል?» አሉ። አየሽ፣ ዶክተር ሳይሆኑ ገባቸው።

ስለዚህ ኑዛዜዬ፦ ከላይ ተጀምሮ በእያንዳንዱ እስር ክር ሥር ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ትግባ። ክሩ አይፈታ። ከዚያ ቤተ መዛግብቱ እንዳለ ይውሰደው፤ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፤ ለአጎቴ የጭቃ ቦቲዬን። አንድ ጊዜ የመሬቱን ዙሪያ ይሂድበት። ከጠበበው ጣቱን ይጠፍ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስወለድ ሆስፒታል ድረስ በሩጫ የመጣው እሱ ነው አሉ።

ሦስተኛ፤ ለእናቴ ዩኒፎርሜን። ተኩሳ በር ጀርባ እንደሰቀለችው አይቻለሁ። እዚያው ይቆይ። ሌላ ምንም አልልም፣ ደግሞ እንዳታለቅስ።

«ቀስ በይ፣ እጄ ዛለ» ትላለች ነርሷ። ጨርሻለሁ።

ምስክሮች፦ ጸሐፊዋ ነርስ፣ ፈርማለች። የአምስተኛ አልጋ ልብስ ሰፊ፣ «እጄ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አይወድም» እያሉ ፈርመዋል። ተናዛዧ፣ ፈርሜያለሁ፤ የተጣመመው ስላመመኝ ነው።

አክስቴ፣ ይህን በስልክ ፎቶ አንስተን ልከንልሻል። አጎቴ በዚህ ዓለም የሚፈራው ታላቅ እህቱን፣ አንቺን ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ለእሱ ደውዪና መዶሻውን አስቀምጥ በዪው። ከዚያ ለእኔ። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ አይሠራም! አንድ ሰዓት ላይ ስልኬን ይቀሙኛል፤ «ተወው» የሚለውን ቃል ካፍሽ ሳልሰማ ቢላዋ ሥር አልተኛም፣ ሐኪሙ ራሱ ቢለምነኝም። ሳይጨልም ደውዪ!