ፖም ካልገዛችሁ ብርቱካን የለም ላሉን ጓድ

ለጓድ ጉግሳ ተድላ
የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ኃላፊ
ቦሌ
መጋቢት ፲፱፻፹ ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ጉግሳ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እያንዳንዳቸው በስስ ወረቀት ላይ ተደላድለው የተቀመጡት ፖሞችዎም ጭምር፣ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ያለኝን ጽኑ ተስፋ እገልጻለሁ። ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሂስ የማይሰጥ ነዋሪ በጥበቃ ላይ እንደተኛ ዘበኛ ይቆጠራል ብለው ስለመከሩን፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ እንጂ እንዳልተኛሁ ለማሳየት፣ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ለቢሮዎ ልኬ ሌላውን ሕዝብ እንዲያነበው በሱቁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በመምህርነት ዘመኔ ካዳበርኩት ልማድ የተነሣ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ፖም ስላመጡልን። ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን የመጣው ፖም ወደ ሱቃችን ሲገባ፣ በአካባቢያችን የሚኖሩት የውጭ አገር ዲፕሎማቶች ይሻሙበታል፣ ሱቁም ስሙ ይጠራል የሚል አርቆ አሳቢነት እንደ ነበረዎት ሰምተናል። ዲፕሎማቶቹ ግን የሚገዙበት ሌላ ቦታ አላቸው፤ ከስኳርና ከሳሙና ሰልፈኛ ኋላ ቆመው ፖም አይጠብቁም። ይህን ከበራቸው ዘበኞች አንዱን ቢጠይቁ ኖሮ በነፃ ይነግርዎት ነበር። የአንድ ኪሎው ዋጋ የወር ጡረታዬን ሩብ የሚወስድ ፍሬ ስላሳዩን ግን ምስጋናችን የላቀ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ማየቱን እስካሁን አላስከፈሉንም።

2ኛ. ፖሙ አልሸጥ ሲል ስለወሰዱት እርምጃ። ፖሙ ገዥ ሲያጣ ጥፋቱ የገዥው መሆኑን ደርሰውበት፣ አንድ ኪሎ ፖም ላልገዛ ሰው አንድም ብርቱካን እንዳይሸጥለት አዘዙ። ብርቱካኑ የአገራችን ነው፤ ዋጋውንም ደኻ ይችለዋል። ሻጭዎን ብርነሽን ለባለቤቴ ብርቱካን ብቻ እንድትሰጠኝ ብለምናት አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ በእኔ አይዘኑብኝ፤ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ለእኔም ከልክለውኛል» አለችኝ። ለገዛ ሠራተኛዎ እንኳ ሳያዳሉ ደንብዎን ማስከበርዎ የሚያስመሰግን ነው። ብርቱካኑ ሻግቶ ከሱቁ ጀርባ ሲደፋም በዓይኔ አይቻለሁ። የሰፈራችን ዝንቦች ፖም እንዲገዙ ሳይገደዱ ድርሻቸውን አግኝተዋል።

3ኛ. ስለ ባለቤቴ ስለ ወይዘሮ አፀደ። ከላይ ያሉትን ቢዘልሏቸውም፣ ይህን በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

በእኛ ዘንድ በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ይህን ልማድ ያወጣው ቢሮ የለም፤ የሚሽረውም ቢሮ የለም። ባለቤቴ ከመስቀል ወዲህ በልብ ሕመም አልጋ ላይ ውላለች። በጤናዋ ጊዜ በሰፈሩ የታመመ ሰው ሲኖር ነጠላዋን አጣፍታ፣ ብርቱካኗን በዘንቢል ይዛ ቀድማ የምትደርስ ሴት ስለ ነበረች፣ እሷም ስትታመም ቤታችን በጠያቂ ሞላ። ደንብዎ ከወጣ በኋላ ግን በራችን ጸጥ አለ። መጀመሪያ «ዛሬ ስብሰባ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ሲሰነብት «ሽፈራው፣ ሰዎቹን ምን በደልኳቸው?» አለችኝ። ሐኪሙ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አላዘዘልንም።

እኔም የጠያቂውን መጥፋት ከደንብዎ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። በቀደም ማለዳ ጎረቤታችን አቶ ዱባለ በአጥራችን ሥር ሲመላለስ አየሁትና ወጣሁ። ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያጠብቅ ጀመር፤ ጫማው ክር የሌለው ነበር። ለምን እንደማይገባ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ምን ይዤ ልግባ ጋሼ? ብርቱካን ስጡኝ ብል ፖም ካልገዛህ አሉኝ። እኔን አምባሳደር አደረጉኝ እንዴ? ባዶ እጄን እያወዛወዝኩ እትዬ አፀደ ፊት ከምቆም ብሞት ይሻለኛል።» እጁን ይዤ ብጎትተው እንደ ሕፃን ተፍጨርጭሮ አመለጠኝ። ሌሎቹንም ጠየቅኩ፤ የሁሉም መልስ አንድ ነው።

ጓድ ጉግሳ፣ ባለቤቴ በየቀኑ እየደከመች ያለችው ጎረቤቶቼ ጠሉኝ እያለች ነው። እውነቱን ብነግራት ላጽናናት የምዋሽ መሰላት። ሰው ከሰው የተለያየው ኃላፊው ያልተሸጠለትን ፍራፍሬ ሰው ላይ ስለጫነ ነው ቢባል ማን ያምናል? እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሱቁን ዘግቼ አፍር ነበር። እርስዎ ግን ትናንት ሳልፍ ፖሞቹን በጨርቅ ሲወለውሉ አየሁዎት።

ስለዚህ ብርቱካኑን ከፖሙ አላቅቀው እንዲሸጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፖሙን የክብር እንግዳ እስኪመጣ እንዳለ ሊያቆዩት ይችላሉ። ሰሌዳውን የምታነቡ ጎረቤቶቼም፣ ቤታችንን ታውቁታላችሁና ባዶ እጃችሁን ኑ። አፍረን ቀረን የሚለውን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ አፀደ የምትጠብቀው እናንተን እንጂ የያዛችሁትን አይደለም።

ለሕዝቡ ጤንነት ያለዎትን ጥልቅ አሳቢነት በቅርብ ለመመልከት የታደልኩ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ሆኜ እጅ የምነሣ፣
ሽፈራው አንተነህ
ጡረተኛ መምህር

ማስታወሻ፦ ረቂቁን ለባለቤቴ አነበብኩላት። በጽሑፍ እንደማልዋሽ ስለምታውቅ አሁን አመነችኝ፤ ስለ አቶ ዱባለ የጫማ ክር ስትሰማም ሳቀች። ከዚያ፣ «ያ የሱቁ ሰውዬም ይምጣ፤ እሱም እኮ ጎረቤት ነው» አለች። መልእክቷን አደራ ስለሆነብኝ አድርሻለሁ። እሷ ታማ የተኛች ናትና ይቅር ብላዎታለች፤ እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤነኛ ነኝ።