ነጠላው ለቅዳሴ ነው

ልጄ ሰብስቤ፣ የካርቱምን ሐሩር መድኃኔዓለም ያብርድልህ፤ ከክፉ መንገድ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፣ የአባትህ ጉልበትም ተሽሎታል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። ጎረቤታችን ብርቅነሽ ከካርቱም ተመልሳ ሁሉንም ነገረችኝ። ከሱቅ ዐረቢ እስከ ሳጃና በረክሻህ፣ በዚያች ባጃጅህ፣ ስትወስዳት፣ ለቅዳሴ ብዬ ፈትዬ የላክሁልህን ነጠላ ራስህ ላይ ጠምጥመህ፣ ስልኩን ጆሮህ ሥር ሸጉጠህበት፣ እየሳቅህ ታወራ ነበር። አውቶቡስ ሊጨፈልቃችሁ ለጥቂት! እሷ ስትጮህ "አይዞሽ፣ ፖሊስ አያየኝም" አልሃት? ወይ አንተ! ሕጉ የወጣው ለፖሊስ ዓይን ነው እንዴ? ከፖሊስ ብትደበቅ ከአውቶቡስ ትደበቃለህ?

"ለመሆኑ ከማን ጋር ነበር የሚያወራው?" ብላት "‹እማዬ› ሲልሽ ሰማሁት" አለችኝ። ያን ቀን ስልኩ ድንገት ሲቋረጥ እኔ ኔትወርክ ነው ብዬ ተኛሁ!

ደብዳቤ የላክሁት ለዚህ ነው፤ ብደውል እየነዳህ ታነሳለህ። ያን ነጠላ የፈተልሁት መገነዣህ እንዲሆን አይደለም።

እመብርሃን ጥላዋን ትዘርጋብህ። እባክህ ልጄ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ደውልልኝ። የረክሻውን ድምፅ ከሰማሁ፣ ናፍቆትህ ቢገድለኝም እዘጋዋለሁ።

እናትህ ሸዋአለም